ምዕራፍ 7፦ በነሐሴ የተቆረጠ ለኅዳር አይደርስም

እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የጋዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ በጀርመን፣ በፖላንድ፣ በሃንጋሪና በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች ብዙ ሰው ፊቱን ወደ እንጨት አዞረ። ጋዙ ጨርሶ ቢቋረጥስ ብሎ የሰጋ ሁሉ የብረት ምድጃ ለማስገጠም ወረፋ ያዘ። በጀርመን የማገዶ ዋጋ በነሐሴ ወር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር ከ80 በመቶ በላይ ጨምሮ ተገኘ። የሃንጋሪ መንግሥት በዚያው ወር የደን ቆረጣ ደንቡን አላላ። ነጋዴው ያገኘውን ቆርጦ ሸጠ፤ ገዢውም የቀረበለትን ገዛ። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ቤታቸውን በእንጨት አሙቀው አያውቁም።

ለእነዚህ ሰዎች እንጨት ማግኘቱ ብቻውን በቂ አልነበረም። በነሐሴ የተቆረጠ ዛፍ በኅዳር ገና ማገዶ አይደለም። ተፈልጦ፣ ተጭኖ፣ ደጅ ድረስ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብም ወጥቶበታል። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ግን ይንጫጫል፣ ከጫፉ አረፋ ይደፍቃል፣ የምድጃውን መስታወት ያጠቁራል፤ ቤቱ እንደቀዘቀዘ ያድራል። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚያማርረው ምድጃውን ነው። አየር ማስገቢያውን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ባለሙያ ይጠራል። ምድጃው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው።

በዚህ ምዕራፍ ክረምት የምለው የፈረንጁን ክረምት ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘልቀውን፣ በረዶ የሚጥልበትን። ወደ እኛው ክረምት ኋላ እመለሳለሁ፤ እሱም የራሱ ነገር አለውና። ለሁለቱም የሚሠራው ሐሳብ ግን አንድ ነው፦ እንጨት በዕድሜ አይደርቅም፣ በአየር ነው የሚደርቀው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተፈለጠ ግንድ ሆኖ መሬት ላይ የተጋደመ እንጨት፣ ባለፈው የካቲት ተፈልጦ ነፋስ ሲገባውና ሲወጣው ከከረመው ይልቅ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «ይህ እኮ የሁለት ዓመት እንጨት ነው» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ግን መልስ የሰጠው ላልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ውሃው የት ተቀምጧል?

አንድን ግንድ አግድም በመጋዝ ቆርጠው ፊቱን በአጉሊ መነጽር ቢመለከቱት፣ እንደሚመስለው ድፍን ነገር አያገኙም። የሚታየው አፍ ለአፍ የተደረደረ የቀጫጭን ቱቦ ጥቅል ነው፤ ገለባ በነዶ ታስሮ ከጫፉ ሲያዩት እንደሚመስለው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ከሥሩ ወደ ቅጠሉ የሚወጣው በእነዚህ ቱቦዎች ነው። ዛፉ ሲወድቅ ያ ውሃ ባለበት ይቀራል።

ብዛቱ ቀላል አይደለም። በርች ከሚባለው ዛፍ አንድ ሜትር ኩብ ድፍን እንጨት እንደተቆረጠ ቢመዘን ወደ 900 ኪሎ ግራም ይሆናል። ያው እንጨት ለምድጃ ሲደርስ ወደ 625 ኪሎ ይወርዳል። በመካከሉ የጠፋው 275 ሊትር ያህል ውሃ ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ 13 ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል። ይህ ሁሉ ውሃ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይወጣል፦ ወይ ክምሩ ላይ ሳለ ነፋስና ፀሐይ በነፃ ይወስዱታል፣ ወይ ምድጃ ውስጥ እሳቱ ከራሱ ሙቀት ቀንሶ ያተነዋል።

ውሃው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቱቦዎቹ ውስጥ ያለ፣ ምንም ያልያዘው ነፃ ውሃ ነው። እንጨቱ ተከፍቶ አየር ካገኘ ይህ ውሃ ቶሎ ይወጣል። ሁለተኛው የቱቦዎቹ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ከእንጨቱ አካል ጋር የተያያዘ ውሃ ነው፤ እሱ በግድ ነው የሚወጣው። ነፃው ውሃ አልቆ የታሰረው ብቻ ሲቀር፣ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 በመቶ ገደማ ነው። እስከዚህ ድረስ እንጨቱ ይቀላል እንጂ አይኮማተርም። ከዚህ በታች ሲወርድ ግን መኮማተር ይጀምራል፤ ግንዱን ዙሪያውን ተከትሎ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ዳር ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ስለሆነ እንጨቱ ይሰነጠቃል። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ ጨረር የሚሰራጩት ስንጥቆች የሚመጡት ከዚህ ነው።

ስንጥቁን አይቶ «ደርቋል» ማለት ግን ያሳስታል። ጫፉ ከሁሉ ቀድሞ ይደርቃል፤ ውሃ በቱቦው ርዝመት የሚጓዘው ቱቦውን አቋርጦ ወደ ጎን ከሚጓዘው ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያህል ይፈጥናልና። ጫፉ ተሰነጣጥቆ መሐሉ ግን እንዳለ ርጥብ የሆነ ፍልጥ በየገበያው ሞልቷል። መጋዙን የሚያስቀድመውም ይኸው የውሃ ጉዞ ነው፦ ሁለት ሜትር ሆኖ የተቀመጠ ግንድ ለመሐሉ ውሃ አንድ ሜትር መንገድ ነው፣ 33 ሳንቲሜትር ተደርጎ የተቆረጠው ግን ከ17 ሳንቲሜትር አያልፍም። ከመጋዝ ቀጥሎ መጥረቢያ ይመጣል። ቅርፊት የተሠራው ውሃ እንዳይወጣ ለመከላከል ነው፤ ዛፉ ከሞተ በኋላም ሥራውን አያቆምም። በተለይ በርች ቅርፊቱ ውሃ ስለማያሳልፍ ሳይፈለጥ ከተተወ በቅርፊቱ እንደተሸፈነ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ነጭና የሚያምር፣ ከውስጥ በጣት የሚፈረፈር። ዲያሜትሩ ከክንድ የሚወፍር ነገር ሁሉ ቢያንስ ለሁለት ይሰንጠቅ። ቋጠሮ ያለበት እምቢ ካለ ሽብልቅና መዶሻ አለ።

ዛፎቹም አንድ አይደሉም። አሽ የሚባለው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ገና ሲቆረጥ የሚይዘው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 45 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው የድሮ ሰዎች የሚወዱት። ኮተንውድ የሚባለው የፖፕላር ዝርያ ግን ከ140 በመቶ ያልፋል፤ ከእንጨቱ ውሃው ይበዛል ማለት ነው። ነጭ ኦክ ደግሞ ቱቦዎቹን ራሱ ይደፍናል። የወይንና የውስኪ በርሜል ከእሱ የሚሠራው ስለማያፈስ ነው። ፈሳሽ አላሳልፍ ያለ እንጨት የራሱንም ውሃ በቶሎ አይለቅም፤ ኦክ ተፈልጦም ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ክረምቱ ኦክ ገዝቶ የሚቀመጥ ሰው ለሦስተኛው ክረምት ነው የገዛው።

እርጥብ እንጨት ምን ያጠፋል?

ብዙ ሰው «ውሃውን ለማትነን ሙቀት ይባክናል» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ዋናው ጉዳት እሱ አይደለም። እስቲ በቁጥር እንየው። ፍጹም የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት 18.5 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። ግማሹ ውሃ በሆነ አንድ ኪሎ ውስጥ ያለው እንጨት ግማሽ ኪሎ ብቻ ስለሆነ ከ9 ሜጋጁል ትንሽ በለጥ ያለ ሙቀት አለው። ግማሽ ሊትሩን ውሃ አሙቆ ለማትነን የሚወጣው 1.3 ሜጋጁል ገደማ ነው። ከሰባት እጅ አንዱ መሆኑ ነው። ያስቆጫል፣ ቤት ግን አያቀዘቅዝም።

ታዲያ ቤቱን የሚያቀዘቅዘው ምንድን ነው? እንጨት ሲሞቅ መጀመሪያ ጋዝ ይወጣዋል፤ የምናየው ነበልባል የዚያ ጋዝ ቃጠሎ ነው። ከእንጨቱ ሙቀት ከግማሽ የሚበልጠው ያለው በዚህ ጋዝ ውስጥ ሲሆን ፍሙ የሚሰጠው የቀረውን ነው። ጋዙ ተሟልቶ እንዲቃጠል ምድጃው ውስጥ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል። ውሃ ከእንጨቱ እየወጣ እሳቱን እያቀዘቀዘ እስካለ ድረስ ግን ምድጃው እዚያ አይደርስም። ጋዙ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል። ስለዚህ ጭስ ማለት ገንዘብ ከፍለው የገዙት፣ ያልነደደ ማገዶ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። ያልነደደው ጋዝ ከእንፋሎቱ ጋር ሽቅብ ሲወጣ የጭስ ማውጫው ግድግዳ ከ120 ዲግሪ በታች ከሆነ እዚያው ላይ ይረጋል። ክሪዮሶት የሚባለው ይህ ነው፦ መጀመሪያ የሚያጣብቅ ቅጥራን፣ እያደር የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቅርፊት። ጥላሸት በብሩሽ ይጠረጋል፤ የጠጠረ ክሪዮሶት ግን ለጠራጊም አስቸጋሪ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ክሪዮሶት ራሱ ነዳጅ መሆኑ ነው። ወራት ሙሉ በእርጥብ እንጨት ሲጠራቀም ከርሞ፣ አንድ ቀን ባለቤቱ ጥሩ ደረቅ እንጨት አግኝቶ ጠንከር ያለ እሳት ሲያነድ ጭስ ማውጫው ከውስጥ ይያያዛል። ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ጡቡን ይሰነጥቃል፣ ከጣሪያው እንጨት ከደረሰም ቤቱን ይዞ ይሄዳል።

በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል ይባላል። እውነት ነው፣ በሜዳ እሳት። በተዘጋ የብረት ምድጃ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግልባጩ ነው፤ በእርጥቡ ጦስ ደረቁም ይጨሳል። «ግማሽ በግማሽ ቀላቅለህ አንድደው» የሚለውን ምክር እኔ አልቀበለውም።

20 በመቶ የማን 20 በመቶ ነው?

በዚህ ሥራ ሁሉም የሚጠራት ቁጥር 20 በመቶ ናት። እንግሊዝ ሕግ አድርጋታለች፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ለሕዝቡ የሚመክረው ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት እንዲያነድ ነው። ችግሩ በመቶው በሁለት መንገድ መሰላቱ ነው። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ፍልጥ አንድ ኪሎው ውሃ ከሆነ፣ የማገዶ ነጋዴው ከጠቅላላው ክብደት አስልቶ «50 በመቶ» ይላል፤ የጣውላ ባለሙያው ደግሞ ከደረቁ እንጨት ክብደት አስልቶ «100 በመቶ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በማገዶ ስሌት 20 በመቶ የሆነው በጣውላ ስሌት 25 በመቶ ነው። ከገበያ የሚገዙት የእርጥበት መለኪያዎች ብዙዎቹ በጣውላው ስሌት የተቃኙ ስለሆኑ መመሪያውን ማንበብ ይገባል።

መለኪያው ራሱ ቀላል መሣሪያ ነው፤ በሁለት መርፌዎቹ መካከል ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያልፍ ይመለከታል፣ ውሃ ሲበዛ ብዙ ያልፋል። ብልሃቱ ያለው መሣሪያው ላይ ሳይሆን የት እንደሚወጋ ማወቁ ላይ ነው። የፍልጡን ጀርባ ወይም ጫፉን የወጋ ሰው ራሱን ያታልላል። ከክምሩ ውስጥ ወፈር ያለውን ይምረጡ፤ ቤት አስገብተው ትንሽ ያቆዩት፣ የቀዘቀዘ እንጨት ከእውነቱ በታች ያነብባልና። ከዚያ በመጥረቢያ እንደገና ለሁለት ይሰንጥቁትና አሁን የተከፈተውን ፊት፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ መርፌዎቹን በእንጨቱ አቅጣጫ አድርገው ይውጉ። የሚያምኑት ቁጥር ያ ነው።

መለኪያ ከሌለ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል፤ እንዲያውም እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ከክምሩ ሦስት ወይም አራት ፍልጥ ምልክት አድርጎ ክብደታቸውንና ቀኑን እዚያው ጫፋቸው ላይ በማርከር መጻፍ፤ ከዚያ በየወሩ እየመዘኑ ከሥሩ መጨመር ነው። መጀመሪያ ቁጥሩ በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዚያ ይዘገያል፣ በመጨረሻ ይቆማል። መውረዱን ሲያቆም እንጨቱ ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ አጋጭቶ ድምፅ ማዳመጥም የቆየ ዘዴ ነው፦ ደረቁ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ድብ ይላል። ጆሮ ለለመደ ሰው ይጠቅማል፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም።

የኖርዌይ ክርክርና የእንግሊዝ ሕግ

በእንጨት ጉዳይ ኖርዌይን የሚያህል የለም። ደራሲው ላርስ ሚቲንግ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሄል ቬድ» በሚል ርዕስ ስለ እንጨት መቁረጥ፣ መከመርና ማድረቅ የጻፈው መጽሐፍ ማንም ባልጠበቀው መጠን ተሸጠ። የአገሪቱ ሕዝባዊ ቴሌቪዥን ኤን አር ኬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 አንድ ዓርብ ማታ 12 ሰዓት የፈጀ የእንጨት ዝግጅት አስተላለፈ፤ አራቱ ሰዓት ስለ እንጨት ወሬ፣ ስምንቱ ሰዓት የሚነድ ምድጃ። ወዲያው ከተመልካች የቅሬታ መልእክት ጎረፈ። እኩሌቶቹ ክምሩ ላይ ያለው እንጨት ቅርፊቱ ወደ ላይ ሆኗል ብለው ተቆጡ፤ እኩሌቶቹ ደግሞ ወደ ታች ሆኗል ብለው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ብገባ ይቅር ይበሉኝና፣ ጣሪያ ካለው ለውጥ የለውም። ጣሪያ ከሌለው የላይኛው ረድፍ ብቻ ቅርፊቱ ወደ ላይ ቢሆን ዝናቡን ያንሸራትታል። ከቅርፊቱ አቅጣጫ ይልቅ ከኖርዌይ የሚወሰደው ቁም ነገር የጊዜ አቆጣጠሩ ነው። እዚያ እንጨት የሚቆረጠው በክረምቱ መጨረሻ፣ ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ ነው፤ እስከ ፋሲካ ተፈልጦ ይከመራል፣ የፀደዩ ደረቅ ነፋስ ያገኘዋል። ጊዜ ያለፈበት ሰው ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው፦ ዛፉን ከነቅጠሉ ጥሎ ቅጠሉ እስኪጠወልግ አይነካውም። ቅጠሉ ውሃ መሳቡን ወዲያው ስለማያቆም ከግንዱ ውስጥ የተወሰነውን ያወጣዋል። ብልህ ዘዴ ነው፤ መፍለጡን ግን አይተካም።

እንግሊዝ በበኩሏ ወደ ሕግ ሄደች። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1 ቀን 2021 ጀምሮ በእንግሊዝ ከ2 ሜትር ኩብ በታች የሚሸጥ ማገዶ ውሃው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ «ለመንደድ ዝግጁ» የሚል ምልክትም ይለጠፍበታል። ከ2 ሜትር ኩብ በላይ የሚሸጠው ግን እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ እንዴት እንደሚደርቅ የሚገልጽ ጽሑፍ መስጠት አለበት። ይህ ለእኔ ጥሩ ሕግ ነው። በከረጢት የሚገዛ ሰው ዛሬ ማታ ሊያነድደው ነው፤ በጭነት መኪና የሚያስመጣ ግን ቦታም ትዕግሥትም አለው ብሎ ሕጉ ያስባል። እርጥቡ ደግሞ ይረክሳል፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚያስብ ሰው እርጥብ ቢገዛ ያተርፋል።

አሜሪካ ውስጥ የማገዶ መለኪያው ኮርድ ይባላል፦ በሥርዓት ተደርድሮ 128 ኪዩቢክ ጫማ፣ 3.6 ሜትር ኩብ ገደማ የሚሆን ክምር። በሚኒሶታ ወይም በኮሎራዶ ቤት ገዝቶ ምድጃውን ሊለኩስ ያሰበ ያገሬ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛ፣ «ፌስ ኮርድ» የሚባለው ከፊት ሲታይ ኮርድ የሚመስል፣ ውፍረቱ ግን አንድ ረድፍ ብቻ የሆነ ክምር ነው፤ ብዙ ጊዜ የኮርድ ሲሶ ያህል ነው። ሁለተኛ፣ እንጨት ከሩቅ አያምጣ። የአሽን ዛፍ የሚጨርሰው አረንጓዴ ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2002 በሚሺገን ዲትሮይት አካባቢ ከተገኘ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ የገደለው በራሱ ክንፍ ብቻ በርሮ አይደለም፤ ሰው ማገዶ ጭኖ ሲሄድ አብሮ ተጭኖ ነው።

የእኛው ክረምት

አዲስ አበባ የእንጨትን ነገር ከማንም ቀድማ ታውቃለች። ከተማዋ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ ዙሪያዋ ተመንጥሮ ማገዶ በመጥፋቱ ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የገባው ባህር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለ ባህር ዛፍ ግን አንድ የሚታወቅ ነገር አለ፦ እርጥብ ሳለ ካልተፈለጠ ሲደርቅ መጥረቢያ አያስገባም። ከበርች ጋር ምክንያታቸው ቢለያይም መደምደሚያው አንድ ነው፤ እንደተቆረጠ ይፈለጥ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየወጥ ቤቱ ጭስ የሚያስለቅሰው ለምንድን ነው? ሰው ሁሉ የሚወቅሰው የክረምቱን አየር ነው። የእንጨት ሳይንስ ግን ሌላ ይላል። እንጨት ከከበበው አየር ጋር ይስማማል፦ የአየሩ እርጥበት 65 በመቶ ሲሆን ውሃው በጣውላ ስሌት ወደ 12 በመቶ፣ 80 በመቶ ሲሆን ወደ 16 በመቶ ይሆናል። ደገኛው ክረምት በአብዛኛው ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ዝናብ ሳይነካው በጣሪያ ሥር፣ አየር እያገኘ የቆየ ፍልጥ በነሐሴም ቢሆን በደንብ ይነድዳል ማለት ነው። የሚያጨሰው በግንቦት ያልተፈለጠው፣ ደጅ የተከመረው፣ ሥሩ ጭቃ የነካውና በላስቲክ የተጀቦነው ነው። ከምድጃው በላይ ቆጥ ሠርተው ለነገ የሚነደውን እዚያ የሚያሳድሩ እናቶች ይህንን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። የሚያጡት ብዙ ጊዜ ጊዜውን ነው፤ ዛሬ ለቅሞ ዛሬ የሚያነድድ ቤት ለማድረቂያ የሚተርፈው የለውም።

ነገሩ የዓይን ማቃጠል ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። ደረቅ እንጨት ጭሱን አያጠፋውም፤ የተሻሻለ ምድጃንና ጭስ ማውጫንም አይተካም። የተሻሻለውም ምድጃ ግን እርጥብ ሲገባበት ያጨሳል።

ክምሩ

አሁን ወደ ሥራው። እንጨቱ መሬት አይንካ፤ ከሥሩ የዕቃ መጫኛ ፓሌት ወይም ሁለት አግዳሚ ይደረግ። አንድ ረድፍ ከሦስት ረድፍ ይሻላል፤ ጥቅጥቅ ብሎ ከተከመረ የመሐሉ አየር አያገኝም። ከግድግዳ በአንድ መዳፍ ስፋት ይራቅ። የሁለቱ ጫፍ ፍልጦች አንዴ በቁም አንዴ በአግድም እየተነባበሩ ካልተሠሩ ክምሩ ይናዳል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ከሰው ወገብ ከፍ ባይል መልካም ነው። ከላይ ይሸፈን፣ ጎኖቹ ግን ክፍት ይሁኑ። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ጥፋት ክምሩን ከአናቱ እስከ ሥሩ በሸራ ጠቅልሎ በገመድ ማሰር ነው። ውሃው ከእንጨቱ ይወጣል፣ ሸራው ላይ ጤዛ ሆኖ ይይዛል፣ ተመልሶ እንጨቱ ላይ ይንጠባጠባል። በኅዳር ሲገለጥ ሻጋታ ያበቀለ ክምር ይጠብቃል። ዝናብ ላይ ላዩን ቢያረጥበው አያስፈራም፤ የላይ ውሃ በጥቂት ቀን ነፋስ ይለቃል። የሚያስፈራው መውጫ ያጣው የውስጡ ውሃ ነው።

እንጨቱን ምድር ቤት አስገብቶ ማድረቅም አይመከርም፤ እርጥበቱ ለቤቱ፣ ነፍሳቱ ለባለቤቱ ይተርፋል። የአንድ ወይም የሁለት ቀን ማገዶ ብቻ ገብቶ በምድጃው አካባቢ ይሁን፤ ቢሆንም ለምድጃው ተጠግቶ አይከመር። ቤት ያቃጠለ ክምር ጥቂት አይደለም።

ጊዜ ካለፈስ? መስከረም ገብቶ ክምር የሌለው ሰው ምርጫው ጠባብ ነው፤ የለም ግን አይባልም። ለዘንድሮ በማድረቂያ ክፍል የደረቀ ፍልጥ ወይም ከሰጋቱራ የተጨመቀ ብሪኬት ይግዛ፤ ውድ ነው፣ ግን ይነድዳል። ሲገዛም አንዱን ፍልጥ ሻጩ ፊት ይሰንጥቅና መሐሉን ይለካ፤ የሚቆጣ ሻጭ ካለ ሌላ ዘንድ ይሂድ። ከዚሁ ጋር ጎን ለጎን የከርሞውን እርጥብ በርካሽ አምጥቶ ዛሬውኑ ይፍለጥ። አሽ ወይም ስፕሩስ ካገኘ፣ በቀጭኑ ፈልጦ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ከከመረ፣ አንድ በጋ ይበቃዋል። ኦክ ከሆነ ለብቻው ይከመርና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበት።

የእርጥብ እንጨት እሳት እንዲያድር ሲባል የምድጃውን አየር ማስገቢያ ዘግቶ መተኛት ግን በምንም ምክንያት አይሞከር። በከሰል ጭስ ስንት ቤተሰብ እንዳጣን እናውቃለን፤ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከእንጨትም ይወጣል፣ ሽታም የለውም። ምድጃውን ከመለኮስዎ በፊት ጭስ ማውጫውን ያስጠርጉ፤ በሚተኙበት ክፍልም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይስቀሉ፣ ባትሪውንም ይሞክሩት።